ቁልፉ ሲዞር የአክተሯ ፊት

የዚያች አሜሪካዊት አክተር ከሠራቻቸው ፊልሞች የሚበልጠው የቱ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሴ አንድ ነው፤ አልቀይረውም። በዚህ ነገር የፊት ጥርሴን አጥቻለሁ። ሲኒማ ቤት ሙሉ ሰው ሲደባደብ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ የተማረ ሰው መጥቶ «አይ፣ የሷ ትልቁ ሥራ ሌላ ነው» ቢለኝ ዝም ብዬ አየዋለሁ። እሱ ያነበበውን ነው የሚያወራው። እኔ ነበርኩበት።

ነገሩ አሰብ ነው፤ በደርግ ጊዜ። ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ስንዴ፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ የመጣውን ሁሉ በጀርባችን እናወርዳለን። በበጋው ሙቀት ሰው ከመርከቡ ሆድ ውስጥ እንደ በግ ተጎትቶ ይወጣል፤ ውኃ ይደፉበታል፣ ከነቃ ይመለሳል። ከወሎ ነው የመጣነው፣ እኔና ታናሽ እህቴ። እሷ እኔን ተከትላ መጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ለካቦዬ ተዳረች። አባታችን ነው ከአገር ቤት ሰው ልኮ እሺ ያለው።

ካቦ ማለት ጠዋት ወደብ በር ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንተ ቅር» የሚል ሰው ነው። ጣቱን ወደ አንተ ካልቀሰረ ያን ቀን ልጆችህ አይበሉም። እንዲህ ያለ ሰው በከተማው ሁሉ ይከበራል። እህቴን ይመታታል። ሰፈሩ ያውቃል፤ የወዛደር ቤት ግድግዳው ጣውላ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ የርሐሙከላህ የምትለው ከዚህኛው ቤት ነው። ሁሉም ይሰማል፣ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ጣቱን ያያል።

በኛ ወግ ሚስት ተቀይማ ወንድሟ ቤት ስትገባ ባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ይቀመጡና «ልጄ፣ ጥፋቱ ምንድን ነው?» ይላሉ። ሴት ደግሞ የቤቷን ገመና በሰው ፊት አትዘረግፍም፤ ነውር ነው፣ የእናቷን ስም ነው የምታሰድበው። እህቴም አፏ እያበጠ «ምንም የለም፣ ተናድጄ ነው» ትላለች። ምንም ከሌለ እንግዲህ ተመለሺ ነው። እኔ «ውሸቷን ነው፣ እዩዋት እንጂ» ስል «አንተ ዝም በል፣ እሷ ራሷ ምንም የለም እያለች» ይሉኛል። እንዲህ እየሆነች እየመጣች፣ እንዲህ እየተባለች ትመለሳለች። ከዚያ ቤት በሕይወቷ መውጣት ነበር የምትፈልገው። የምትወጣበት በር ግን አፏ ላይ ነበረ፣ አፏን ደግሞ ወጉ ዘግቶታል።

ወደ ፊልሙ ልምጣ።

ሲኒማ ቤቱ ጣራ የለውም። ጣሊያን ነው የሠራው፤ አራት ግድግዳ፣ የእንጨት ታጣፊ ወንበር፣ ፊት ለፊት በኖራ የተቀባ ግንብ። የዚያች አክተር ፊልሞች እዚያው ከድሮ ጀምሮ የቀሩ ናቸው፤ አዲስ ስላልነበረ እነሱኑ እየደጋገምን እናያለን። ጣሊያንኛ ነው የሚናገሩት። እሷ አሜሪካዊት ስለሆነች ድምፁ የሷ አይደለም፣ የሌላ ሴት ነው። ታዲያ እኛ ድምፅዋን ሳይሆን ፊቷን ብቻ ነው የምንፈርደው። ይሄ የከፋ አይመስለኝም። ሰው በአፉ ይዋሻል።

ከፊልሞቹ ሁሉ ሰው የሚከራከርባቸው የደረጃው፣ የነርሷና የቁልፉ ነበሩ። ስማቸውን ስለማናውቅ እንዲህ ነው የምንላቸው። በደረጃው አንድ ሀብታም ደረጃ ላይ በጥፊ ይላታል፣ ትንከባለላለች፣ ከዚያ ተነሥታ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። በነርሷ ጦር ሜዳ ቁስለኛ ስታክም ራሷ በደረት በሽታ ትሞታለች። በቁልፉ ባሏ የከተማ ትልቅ ሰው ነው፤ በር እየቆለፈባት ይወጣል፣ ሲመለስ ይደበድባታል፣ በገዛ ሽጉጡ ትገድለዋለች።

የቁልፉ ግን ችግር አለበት። ፊልሙ በየቆርቆሮ ሣጥኑ ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው፤ የትኛው እንደሚቀድም ክዳኑ ላይ ተጽፎ ነበር። የአሰብ ጨው አየር ጽሑፉን በላው። ማሽን የሚያዞረው ሰውዬም እንደመሰለው ደረደረው። ስለዚህ እኛ ዘንድ መጀመሪያ ትተኩሳለች፣ ሬሳው ይወጣል፣ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ነው ሴትዮዋ እራት ቀርቦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ የምትታየው። ቁልፉ ሲዞር ይሰማል፤ የተቀበረው ሰውዬ ባርኔጣውን ይዞ ይገባል። ፊልሙ እዚህ ያልቃል።

ሰው በሳቅ ይፈርሳል። «ሙቶ መጣ!» «ሰውዬ፣ መቃብሩ አልተመቸህም?» ይባላል። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሌላ ከተማ አይቼዋለሁ፣ መጨረሻው መተኮሱ ነው፣ እናንተ ገልብጣችሁ ነው የምታዩት ብሎን ነበር። ውሸታም ተብሎ ተሰድቦ ሄደ። ለዓመታት እንዲያ ስናየው ኖረናል፣ ማን ነው የሚያርመን?

እህቴ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ነው ያየችው። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። ቁልፉ ሲዞር ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ፤ መያዟንም አላወቀችም።

ክርክሩ የሚሞቀው ሻሂ ቤት ነው። ቀትር ላይ ብረቱ እጅ ስለሚያቃጥል ሥራ ይቆማል፣ ሁላችንም ሰሌን በተዘረጋበት ጥላ ሥር እንገባለን። ያን ቀን ካቦው ነበረ፣ ቪንች፣ የመርከቡን ዕቃ ማንሻ፣ የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ነበረ፣ እኔ ነበርኩ፣ ሌላው አድማጭ ነው።

«የደረጃው ነው» አለ ካቦው። «ጥፊው ሲያርፍባት አይታችኋል? እንደሷ የሚወድቅ የለም። ከዚያ ደግሞ ተነሥታ ትጠመጠማለች። እቺ ናት ሴት! እቺ ናት አክተር!»

«ኤዲያ!» አለ ቪንች ነጂው። «የነርሷ ነው። ለእናቴ ያላነባሁ ሰውዬ ለሷ አነባሁ።»

«አንተ ሽንኩርት ሲከተፍም ታነባለህ» አለው ካቦው።

«ሽንኩርቱን የሚከትፍልህ ስላለ ነው የምትቀልደው» አለ ሽማግሌው። ሰው ሳቀ። ካቦው አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞረ።

«አማቼስ? ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«የቁልፉ ነው» አልኩት።

«የሙቱ? ተቀብሮ እራት ሊበላ የሚመጣው? እሱም ፊልም ሆኖ!»

«የጠየቅኸኝ አክተሯን ነው፣ ፊልሙን አይደለም።»

«አንተ እሷ ስለተኮሰች ነው የወደድካት።»

«አዎ።»

«ባሏን ገድላ ደግ አደረገች ነው የምትለኝ?»

«ደግ አደረገች። ዘገየች እንጂ።»

ብርጭቆው ከነትኩስ ሻሂው አፌ ላይ አረፈ። ጥርሴን ከስኳሩ ጋር ነው የተፋሁት። ተነሥቼ በርጩማውን ጎኑ ላይ ሰበርኩበት፤ እሱ ፀጉሬን ይዞ ፊቴን ጠረጴዛው ላይ ደፈቀው። ደግሞ ደፈቀው። ከበይሉል ዓሣ ይዞ የሚመጣ አንድ አፋር ነው ካቦውን ከኋላ አንቆ የገላገለኝ። «ሰዎች፣ ሴትዮዋ አሜሪካ ናት! አሜሪካ!» እያለ ይጮህ ነበር።

በማግስቱ ወደብ በር ላይ ካቦው አየኝ። «አንተ ቅር» አለ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የኔን ነገር እህቴ ላይ ተወጣው። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን በጆሮዋ ላይ ጠቅልላ ቤቴ መጣች። ነጠላው ቀይ ሆኗል። ደሙን ሳጥብላት በዚያ ጆሮዋ በኩል ስናገር እንደማትሰማኝ አወቅሁ።

«እገድለዋለሁ» አልኳት።

«ወንድምጋሼ፣ አንተ ገድለኸው ስትታሠር እኔን ማን ያስገባኛል? ተወው።»

«ሽማግሌ ይልካል።»

«ምንም የለም እንደምላቸው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ንገሪያቸው! ጆሮሽን አሳዪ!»

«በሰው ፊት ባሌ እንዲህ አደረገኝ ብዬ?» አለች። «እናታችን በመቃብሯ ትገለበጣለች።»

ሽማግሌዎቹ ሰኞ እንደሚመጡ ተላከብን። እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ወጣ።

ያን ጊዜ ውይይት የሚባል ነገር ነበረ፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሂስ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ያልመጣ ስሙ ይያዛል። የዚያን እሑዱ ርዕስ የኛይቱ አክተር ሆነች። አዲስ የመጣ ካድሬ ሲኒማ ቤቱን ሲፈትሽ ሣጥኖቹን አገኘ። የኢምፔሪያሊስት ዕቃ ነው፣ ይቃጠላል አለ። አንዱ ብቻ ለማስተማሪያ ይቀመጣል፤ የትኛው እንደሚቀመጥ ሰፊው ሕዝብ ተወያይቶ ይምረጥ ተባለ። ስብሰባው እዚያው ሲኒማ ቤት ነበር፣ የግድግዳው ጥላ ወንበሮቹ ላይ ሲያርፍ። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በአንድ በኩል። በበሩ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ካቦው ፊት ወንበር ላይ ነው።

«ጓዶች» አለ ካድሬው፣ «ይህች የቡርዧ ሴት በውበቷ የሠርቶ አደሩን ንቃት ለማደንዘዝ...»

ገና ሳይጨርስ ቪንች ነጂው እጁን አወጣ። «ጓድ፣ የነርሷን አታቃጥሉብን። እሷ እኮ ቁስለኛ ነው የምታክመው፣ ሠርቶ አደር ናት።»

«የደረጃው ይቀመጥ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ካቦው እንዲያየው ነው። ጠዋት ሥራ የሚፈልገው ሁሉ ተከተለ። «የደረጃው!» «የደረጃው ነው ጓድ!»

«ጓዶች፣ የመጣነው እኮ ልናወግዛት ነው!»

«እናወግዛታለን ጓድ፤ የደረጃውን አታቃጥሉት እንጂ።»

ካድሬው ላቡን ጠረገ። ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ይጯጯህ ጀመር። የነርሷና የደረጃው ወገን አንገት ለአንገት ሊተናነቅ ሲል ከሴቶቹ በኩል አንድ እጅ ወጣ። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ «እህታችን ትናገር» አለች። እህቴ ነበረች። በዚያች ከተማ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

«የደረጃው ውሸት ነው» አለች።

ድምፅዋ ትንሽ ነው፤ ለመስማት ሰው ከቆመበት ወንበር ወረደ።

«ጥፊ ሲያርፍ መጀመሪያ አያምም። ጆሮ ውስጥ የመርከብ ጥሩምባ ይነፋል። የሚናገረውን አትሰሚም፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ነው የምታዪው። እሷ ግን ወዲያው ትመልስለታለች፣ ፀጉሯም አልተበተነም። ተመትታ አታውቅም። ስትሠራው አላወቀችበትም።»

ካቦው አንገቱን አዞረ።

«የነርሷ ደህና ነው፣ ሞት ሁሉም ያውቀዋል። የሷ ትልቁ የቁልፉ ነው። ሙቶ መጣ እያላችሁ ስትስቁ ፊቷን አላያችሁም። ቁልፉ ሲዞር ማንኪያዋን ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች፣ እንዳይጮኽ። ምግቡን ታያለች፣ በርዶ ይሆን ብላ ነው። ፀጉሯን ትነካለች። የፈራች አትመስልም፤ የምታስብ ነው የምትመስለው። ዛሬ ምን አጥፍቼ ይሆን እያለች ነው። ይሄን ማን አሳያት? ይሄን የኖረችው ናት። ቀብረውታል ትላላችሁ። ቢቀብሩትስ? በሩ ጋ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ይመጣል። ፊልሙ ልክ ነው።»

ስለ ቤቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ባሏ አላነሣችም። ነውር የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም፤ የተናገረችው ስለ አሜሪካዊቷ ነው። ከሴቶቹ መሃል ግን አንዲት አሮጊት «እውነቷን ነው» አሉ። ሌላዋ «ወላሂ እውነት ነው» አለች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ጭንቅላታቸውን ወደ ፊት ወንበር አዞሩ፤ ወንዶቹም አዞሩ። ሰው ሁሉ ያ ሁሉ ዓመት በጣውላ ግድግዳ የሰማውን አንድ ላይ አየው።

ካቦው ተነሣ። «አንቺ! ተነሺ ወደ ቤት!»

«ስለ ፊልሙ እየተናገርኩ ነው» አለች።

«ተነሺ ነው የምልሽ!»

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ስለ ፊልሙ ነው።»

ወንበሩን ሁሉ እየረገጠ ሄደባት። ካድሬው «ጓድ፣ ሥነ ሥርዓት!» ይላል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መታት። በጥፊ አይደለም፣ በጡጫ ነው፣ በታመመው ጆሮ ላይ። እንደ ደረጃው አልተንከባለለችም። ባለችበት ቁጢጥ አለች፤ ዓይኗ ተከፍቶ የሚናገረውን አፍ ብቻ ታየዋለች። ልክ እንዳለችው። ሰው ሁሉ ይሄን አየ።

እኔ የደረስኩት ሁለተኛውን ሲያነሣ ነው። አንገቱን ይዤ ወንበሮቹ ላይ ጣልኩት፤ ሲወድቅ እንጨቱ ሁሉ ከሥሩ ተሰበረ። በጉልበቴ አፉ ላይ ሄድኩበት። እሱ ከወገቡ የጆንያ መንጠቆውን መዘዘ፤ ጫኝ ሁሉ ይይዛል፣ ጫፉ እንደ ጦር ነው። መዳፌን በሳው፣ በዚያኛው በኩል ብቅ ሲል አየሁት። ሊነቅለውና ሊደግመኝ ሲጎትት ቪንች ነጂው ሽማግሌ የተሰበረ የወንበር ጎን አንሥቶ አናቱን አለው። ቀጥሎ ሴቶቹ ደረሱ። በጫማ፣ በድንጋይ፣ በእጅ። እነዚያ ጠዋት ውኃ ሲቀዱ አንገታቸውን የሚደፉ ሴቶች ናቸው። አንዷ ጆሮውን ነክሳ ይዛ አልለቅም ስትል አይቻለሁ። አብዮት ጠባቂው ተኮሰ። ጥይቱ ሥዕል የሚታይበትን ግንብ መታው፣ ኖራው ረገፈ። ያን ጊዜ ነው የተበተኑት።

ካቦው ታሥሮ ሲጎተት ፊቱ ፊት አይመስልም። አላዘንኩም፤ ዛሬም አላዝንም።

ድምፅ አልተሰጠም። ካድሬው በንዴት ሣጥኖቹን ሁሉ ያንኑ ዕለት ባሕሩ ዳር አስከምሮ ለኮሰባቸው። የደረጃውም፣ የነርሷም፣ የቁልፉም አብረው ነደዱ። ጭሱ ጥቁር ነው፣ ጉሮሮ ይቆርጣል። ካቦውን ግን ወዲያው ለቀቁት፤ ያለ እሱ መርከብ ቆሟል ተባለ። ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሄዶ ሽማግሌዎቹን አስቸኮለ።

ሰኞ መጡ። ከፊት ሐጂ ናቸው፣ ሱቅ ያላቸው፣ ከኛው አገር የመጡ። ከዚህ በፊትም የመለሷት እሳቸው ናቸው። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እኔ መዳፌን በጨርቅ አሥሬ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ በልቤ ዛሬ ቢወስዷት እነዚህንም ነው የምመታው እያልኩ ነበር። እህቴ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «ባልሽ ልኮን ነው። ቤቴ ትመለስልኝ ይላል።»

ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ አጠበቀች።

«እንግዲህ...» ብለው አቋረጡ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥፋቱ ምንድን ነው ሊሉ ነው። አፋቸው ተከፈተ፣ ግን አልወጣም።

«ሐጂ፣ ስብሰባው ላይ ነበሩ እንዴ?» አለቻቸው በቀስታ።

«ነበርኩ።»

«እርስዎስ?» አለቻቸው ሌላውን።

«ነበርኩ ልጄ።»

«እኔ ስለ ፊልሙ ነው የተናገርኩት።»

«ስለ ፊልሙ ነው» አሉ ሐጂ። ፂማቸውን አሻሹ። «ምን ብዬ ልጠይቅሽ? የምጠይቅሽን አይቼዋለሁ። ያላየሁ ብሆን ምንም የለም ትዪኝ ነበር፣ እኔም ተመለሺ እልሽ ነበር።» ተነሡ። «ሄጄ ይፍታት እለዋለሁ።»

«እምቢ ቢልስ?» አልኩ እኔ።

«አንተ እጅህን አስታክም» አሉኝ። «እምቢ ካለ በመስጊዱ ደጅ በሰው ሁሉ ፊት እጠይቀዋለሁ። አሁን መልስ የሌለው እሱ ነው።»

ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። እህቴ አልዘለለችም፣ እልልም አላለችም። ምንጣፉ ላይ በደኅናው ጆሮዋ በኩል ጋደም አለች። ያ ጆሮ ትራሱ ላይ ሲሆን ምንም አትሰማም። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታቃጥላለች፣ ውጭ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ ጎረቤት ይጣላል፤ እሷ አፏን ከፍታ ተኛች። ከተዳረች ጀምሮ በቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም። እኔ ደጁ ላይ ዱላዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የመጣ እንዳለ የመጀመሪያው ምት አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ አስቤ ነበር። የመጣ የለም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳያት አሁንም ተኝታለች።